ላጲስና ወርቅ

ቀን ቀን የሰው ውኃ ቆጣሪ አነባለሁ፣
ከማራኪ ተነሥቼ ሳሙና በር እደርሳለሁ፤
ውሻ ያባርረኛል፣
ባለቤት ይሞግተኛል፤
«ውኃው መቼ መጣና ነው ይህን ያህል የጠጣነው?» ይለኛል።

ማታ ግን ቸቸላ፣ ከእማማ ትጓደድ ጓሮ፣
ከአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣
ሰው «በቃው» ያለው ዕቃ ይጠለላል አድሮ።
ስቶቭ ይመጣል፣ ረዚስታንሱ ተበጥሶ፤
ቻርጀር ይመጣል፣ ገመዱ በአይጥ ጥርስ ተገምሶ፤
ቴሌቪዥን ይመጣል፣ ድምፅ እንጂ መልክ የለው፤
ፍላሽ ይመጣል፤ «አደራህን፣ ሠርጋችን ያለው እዚህ ነው።»

ገንዘብ አልወድም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤
«ስንት ነው?» ሲሉኝ ግን ምላሴን ይይዘኛል።
ሱሱ ሌላ ነው።
መፍቻ ስጨብጥ እጄ ይረጋጋል፤
ብሎን ሲላላ፣ ከውስጤም አንድ የጠበቀ ነገር አብሮ ይላላል።

ሐምሌ ቆርቆሮውን በበረዶ ሲቀጠቅጥ፣
ቁራሌው አየነው ደረሰ፣ ከአዘዞ፣ ጭቃው እግሩን ሲውጥ፤
ጆንያውን ከደጄ ጣለና፣
«ቢሮ ያስወገደው ነው፤ በኪሎ ልሸጠው ነበር» አለኝ፤
«ግን አንተ እብድ ነህ። ዋጋውን ስትችል ስጠኝ።»

ዘረገፍሁት፦
አንድ ማዘርቦርድ፣ ካፓሲተሩ እንደ ቁስል ያበጠ፣
ሌላ ማዘርቦርድ፣ ግማሽ ጥርሱ ረግፎ ያገጠጠ፣
ሦስት ራም፣ አቧራ የጠገበ፣
አንድ ፓወር ሰፕላይ፣ ፋኑ በሸረሪት ድር የተከበበ።

ማስተዋል መጣች፣ የእማማ ትጓደድ የልጅ ልጅ፣
ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ቆመች ከደጅ፤
«ጋሼ ማንደፍሮ፣ የሞተ ነገር ለምን ትሰበስባለህ?»
መልስ አልነበረኝም፤ ካውያውን አስያዝኋት።
«ጫፉን እንዳትነኪው። ጭሱን እንዳትስቢው።»
እርሳሱ ቀለጠ፣ እንደ ዓሣ ዐይን አበራ፤
ያበጠው ተነቀለ፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ በእግሩ ተተካ።
የእሷ እጅ አልተንቀጠቀጠም፤
የእኔ ነው የተንቀጠቀጠው።

ቁልፉን ተጫንን። ፋኑ ዞረ።
ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ።
ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።
«ለካስ ይናገራል!» አለች፤ «ምን እያለ ነው?»
«ራሜን ማንበብ አቃተኝ፣ አስታውሱኝ እያለ ነው።»
ወዲያው መብራት ሄደ። ቸቸላ ሙሉዋን ድቅድቅ።

በስልኬ ባትሪ እያበራሁ፣ «ላጲስ አለሽ?» አልኋት።
«እርሳሱን እኮ አቅልጠነዋል፤ ምኑን ልታጠፋ?»
ሳቀችብኝ፤ ግን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ፣
በአንድ በኩል የተነከሰ፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ።
የራሙን ጠርዝ ፈተግሁ፣ ቀስ፣ ቀስ፤
ጥቁሩ እየለቀቀ፣ ቢጫው እየመጣ።
«ወርቅ ነው?»
«ስስ ነው፣ ግን ወርቅ።»
«ሰሙስ?» አለችኝ፣ ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ የያዘችውን ይዛ።
የላጲሱን ፍርፋሪ ከመዳፌ ላይ እፍ አልሁት፦
«ሰሙ እሱ ነበር።»

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት መጣ።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጢጥ፤
ከዚያ ነጭ ፊደል፣ በጥቁር ላይ፣ መስመር በመስመር ወጣ።
ቀኑን አየሁት፤ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ይላል።
«ባትሪው ሞቷል» አልሁ፤ «ዘመኑን ስቷል፤
ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ ተሠራበት ሄዷል።»
ማስተዋል ግን ጣቷን ከግድግዳው ካላንደር ላይ አሳረፈች፦
«ዘንድሮ አሥራ ሰባት አይደለም እንዴ? የሳተው የቱ ነው?»

አዲሷ ባትሪ በእጄ ነበረች፣ ሳንቲም የምታህል።
ወደ ኪሴ መለስኋት።
እስከ ጳጉሜ ልክ ነው፤ ከጳጉሜ ወዲያ እናያለን።

ከግድግዳው ማዶ እማማ ትጓደድ አሳሉ፦
«አንተ ማንደፍሮ፣ ስቶቬስ?»
«ነገ፣ እማማ።»
«የቱ ነገ?»