ትርፍ

መኪና ግርግር ላይ፣ ከሲንጀሬ ኋላ፣
ሠላሳ ዓመት ሰፋሁ ለወፍራም ለመላላ፤
የማምነው ሜትሬን ነው፣ አልምልም በሌላ።

ረምላ መጣችልኝ ወረቀት ታቅፋ፣
ጎኗን ቆንጥራ ይዛ፦ «አጥብብልኝ፣ ሰፋ።
ደሜ ተልኮ ነበር ከሸዋ በር ማዶ፣
ባሕሩን ተሻግሮ፣ በብልቃጥ ተሰዶ፤
የዘጠና ምግብ ስም ይኸው መጣ ታትሞ፣
እንደ መንገድ መብራት በቀለም ተሸልሞ።
ቀዩ ነው ያወፈረሽ፣ ራቂው አሉኝ።»

አጎንብሼ አየሁት።
ስንዴ ቀይ፣ እንቁላል ቀይ፤
የጠዋት ፈጢራዋ።
አብሽ ቀይ፤
የእናቷ ሁልበት መረቅ።
ማንጎ፣ ወተት፣ ለውዝም፣
ከሱቋ ደጃፍ ከባቢሌ ልጆች በጣሳ የምታሰፍረው።
አረንጓዴው ግን ንጹሕ ነው፦
አስፓራገስ፣ ብሉቤሪ፣ ሳልመን የሚሉት ዓሣ፤
ሐረር ገበያ ወጥቶ ማን አግኝቷቸው ያውቃል?

ሐኪም አይደለሁም። ግን ነገሩ ቆረቆረኝ፦
ደም፣ እንደ ደህና ዘበኛ፣
በየቀኑ የሚገባውን በስሙ ቢመዘግበው፣
የእንግዳውን መዝገብ ማነው የወንጀለኛ ያደረገው?

ወንድሟ ነስረዲን፣ የነርስ ተማሪ፣
ልቡ ተጠራጣሪ፣
ካንድ ክንድ፣ ባንድ ጠዋት፣ ሁለት ብልቃጥ ቀዳ፤
አንዱን «ረምላ» ብሎ፣ አንዱን «ወይዘሮ ሰአዳ»፣
ጎን ለጎን ላካቸው፣ ባንድ ሣጥን፣ ባንድ ዕዳ።
መልሱ መጣ፦
ማንጎ ለረምላ ቀይ፤
ላልተወለደችው ሰአዳ ግን ብትበላው ግድ የለም።

ጠዋት ዘጠና ብሎ ማታ ሰባ የሚል
ሜትር ቢኖረኝ፣ ፍየል አስርበት ነበር።

«ከሳሁ እኮ!» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።
ከሳሽ እንጂ፤ ሜትሬ አይዋሽም።
በጎመን ብቻ ውሎ፣ በጎመን ብቻ አድሮ
ማን ቀሚስ ይሞላል?

(የጎረቤቴ የዑመርዲን ልጅ ግን ለውዝ ቀምሶ
ከንፈሩ እንደ ፊኛ ሲነፋ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣
ታቅፈነው ሕይወት ፋና ሮጠናል።
ያንን ወረቀት አልነገረንም።)

አልመለሰችልኝም። አጠበብኩላት፤ ከፈለች፤ ሄደች።

በማንጎ ወራት መጣች፣
እጅጌዋ ላይ ቢጫ ጠብታ፣ ፊቷ ወዙ ተመልሶ፤
ቀሚሱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና
ወደ መንገዱ እያየች፦ «ትንሽ ብታሰፋው...»

ምላጬን አነሳሁ፣ ስፌቱን ተረተርኩ።
ያን ጊዜ ሳጠብበው ትርፉን አልቆረጥኩም።
ሁለት ጣት ጨርቅ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ፣
ከውስጥ ታጥፎ ቆይቷታል።