ቤት ሲመታ

ነፋስ ከባሕር ወጥቶ መስኮቱን ሲያንኳኳ፣
ካልያሪ፣ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ቦናሪያ ውሃ ስትለካ፣
ሁለት ብልቃጥ ደም ከፊቷ፣ ስም ተጽፎባቸው፤
አንዱ የጋቪና፣ አንዱ የአንቲዮኮ ነው።
ወይን ተለቅሞ ሲያልቅ፣ በመስከረም ማለቂያ፣
ሊጋቡ ነው አሉ፣ ተራራው መንደር ላይ፣ ከቡሽ ዛፍ መብቀያ።
እነሱ ሲጋቡ ሌላም እንዳይጋባ፣
ደማቸው ይጠየቅ፣ ሳይታሰር አበባ።

ጥንዱን ፈትል ትፈታለች በዘጠና አምስት ሙቀት፤
ተቃቅፎ የኖረው ይለያያል በቅጽበት።
ከዚያ ነጠላው ክር ብቻውን ሲንሳፈፍ፣
ጥብጣቡ ላይ ከተሰፉት ከአጫጭር ክሮች ደጃፍ
ይዞራል፣ ያንኳኳል፣ አቻውን ይፈልጋል፤
ፊደል ለፊደሉ ሲገጥም ቤት ይመታል።
ኤ ለቲ፣ ጂ ለሲ፤ ሌላ አማች አያውቁም፤
ግጥም ይሉት ይህ ነው፤ ጸሐፊም የለውም።

ጨው ግን ሲበዛበት፣ ውሃውም ሲበርድ፣
ያልሆነም ይጠጋል፤ ባዕድ ይመስላል ዘመድ።
ጨው በበዛበት ቤት ጨዋ አይለይምና፣
ማጠቢያው ይቅጠን፣ ይሙቅ፣ ይታጠብ እንደገና።

የአንቲዮኮ ጥብጣብ ሁለት ነጥብ አወጣ፣ ሰማያዊ፣ ደማቅ፤
አንዱ ከደህናው ረድፍ፣ አንዱ ከታላሴሚያው፤ ተሸካሚ ነው፣ ይታወቅ።
የጋቪና ጥብጣብ
አንድ ደማቅ ነጥብ፤
ከጎኑ ደግሞ ጥላ፣
እንደ ጠዋት ጨረቃ
አለች ሲሏት የሌለች።

እዚህ ላይ ቤት አልመታም።
ቦናሪያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ወንድሟ ፕሪያሞ፣ በየአስራ አምስት ቀኑ ደም እየተሰጠው፣
አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ከሰርጉ በፊት አባትና እናቷን
አንድም የጠየቃቸው ሰው የለም።
ስለ እሱ አታወራም፤ በየፋሲካው ግን
የብስክሌቱን ጎማ ትነፋለች፣ እስከ ዛሬ።
ስለ ወንድሟ ብላ ጥላ አታደምቅም፤
ስለ ሙሽሮቹም ብላ ጥላ አትፍቅም።

ቴርሞሜትሩን አየች፤ ሁለት ዲግሪ ወርዶ ኖሯል፤
ነፋሱ ነው መሰል፣ ማታ መብራት ጠፍቶ መጥቷል።
እንደገና ፈታች፤ እንደገና አጋባች፤
እስኪነጋ ድረስ ኮቷን ደርባ ጠበቀች።

ሲነጋ አንድ ነጥብ። ጥላው ታጥቦ ሄዷል።
"አልተገኘም" ብላ ጻፈች፤ ከስሩ፣ በእርሳስ፣ "ሁለቴ ተሠርቷል።"

የማጠቢያውን ውሃ ደፋች፤ ጠብታም አላስቀረችውም፤
ጉንጯ ላይ የደረቀ ጨው ነበር፤ እሱን ግን አላጠበችውም።