ቃለ ጉባኤ

ወንዙ በረዶ ለብሶ፣ መስኮቱ ላብ አውጥቶ፣
ተሰየምን አሥራ አንዳችን፣ ዲኑ አጀንዳ ይዞ መጥቶ፦
«ሦስተኛው ዓመት ይቅር ወይ? የሕግ ትምህርት በሁለት ይብቃ?»
ሳንድዊች ከፊቱ ያለ፣ ያንቀላፋውም ነቃ።

ሃልቮር ተነሣ እንደ ልማዱ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ጠበቃ በሁለት ክረምት አይበስልም» አለ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ።
በርኒስ መለሰች፦ «ድንችም ሦስት ዓመት ቢቀቀል፣
ይሟሟል እንጂ በውኃው፣ ሥጋ መሆንስ አይችል።»
አንዱ ለደመወዙ፣ አንዱ ለስሙ ፈርቶ፣
ሁሉም ስለ ፍትሕ ተናገረ፣ የገንዘቡን ነገር ትቶ።

እኔ ጸሐፊው ነኝ። በሰሜን ዳኮታ፣
የባሕር ሕግ አስተማሪ፣ ባሕር በሌለበት ከተማ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ መርከብ አወራሁ፣ ማን እንደ ሰማ?
ማሪትን አሰብኳት፣ ከኋላ የምትቀመጠዋን፣
ስሟን ከመዝገብ ፈርማ፣ በልቧ ሌላ ቦታ የምትውለዋን።

ማክሰኞ፣ ከፍርድ ቤቱ ኮሪደር፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
አየኋት ከሎይድ ጋር፣ ከጎማ ጠጋኙ፣ ቤት ልቀቅ የሚል ክስ ሲያነብ።
«ስንት ዓመት ቀረሽ?» አላት። «ይሄ ሦስተኛው ነው» አለች።
«የኔም ሦስተኛ ነው» አለ፣ «ኪራይ ካልከፈልኩ፣ ወሩ።» ሳቀች፣
ከዚያ ሳቋን ዋጠች።

ገባች። ድምፇ ተንቀጠቀጠ። አንድ ቀን አሳስታ ጠራች።
ማስጠንቀቂያው ግን የተላከው በሌላ አድራሻ ነበር፤
ያንን አየች። እኔ ያላስተማርኳትን፣ ማንም ያላስተማራትን ነገር።
ዳኛዋ ሠላሳ ቀን ሰጡ። ሎይድ ኮፍያውን አጠለቀ፤
የእሷ ግን እጇ ራደ፣ ግንባሯን ላብ አጠመቀ።
ሠላሳ ቀን ቤት አይሆንም።

ዲኑ «ድምፅ እንስጥ» አለ። ከዚህ ወዲያ ያለው ቀላል ነው፦
ይቅር ያሉ አምስት፣ ይቆይ ያሉ አምስት፤ የቀረው እኔ ነኝ፣ ጸሐፊው።

ዓመቱ ቢቀር እኔም እቀራለሁ፤ ይህን አልደብቅም።
ዓመቱ ቢቀር ያ ኮሪደርም ይቀራል፤ ይህንንም አልክድም።
መርከቤን ጣሉት፣ ልላቸው ነበር፣ ኮሪደሩን አስረዝሙት፤
ከመጀመሪያው ወር ይግቡ፣ ከነፍርሃታቸው ይልመዱት።

ይህን ልናገር እጄን አነሣሁ።
ዲኑ ድምፅ መስሎት ቆጠረው።
ለየትኛው ወገን እንደ ሆነ፣
መስመሩ እስካሁን ባዶ ነው።