የቤቴ ቆጣሪ

ሐይቁ ከተኛበት ተነሳ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ አድሮ፣
ቦሩ ሜዳን አቋርጦ፣ ዳገቱን በእግሩ ተሻግሮ፣
ደሴ ገባ።
አልደነፋም፣ ጎርፍ አልሆነም፣ አንዲት ጠጠር አልገፋም፤
የሰኞ ገበያን እንስራ ረግጦ አልደፋም።
ሳላይሽ መጣ፣ ከኔ ደጅ፣
ጫማውን ከመድረኩ አወለቀ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣
"ቤቶች!" አለ።

ድምፁ የሴት ነው። የማውቀው ነው። የማን እንደሆነ ጠፋኝ።
ልከፍት ስነሳ ግን ከግድግዳው አንድ ነገር ጠራኝ፤
ቆጣሪዬ ወደ ኋላ ይዞራል፣
ቁጥሩ እንደ አሮጌ ሹራብ አንድ በአንድ ይተረተራል፤
ሰኔ ግንቦት ይሆናል፣ ግንቦት ወደ ጥቅምት ይሸሻል፤
ውሃው ደጅ ላይ ቆሞ፣
"ትከፍታለህ ወይስ ታነባለህ?" ይለኛል።

ዜሮ ሳይደርስ ነቃሁ።
ትራሴ እርጥብ ነው። ቀና ብዬ ጣራውን አየሁት፤
አያፈስም።

ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ እኔን ፈቺው በዛብኝ።
ሸህ አራጋው መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣
"ኸይር ነው፣ ኸይር ይሁን! ውሃው የጠራ ነበር ድፍርስ?" አሉኝ።
"አላየሁም፣ ሸሆች።"
"እህ! ውሃ ኸደጁ ቆሞለት መልኩን ላላየ ሰው፣
ህልሙ ይቆየው፤ ዓይኑን ነው የሚያስፈታው።"
እትዬ ስንዱ ካጥር ወዲያ ሰምታ፣ "ውሃማ ለቅሶ ነው፣
ዳቦ አውጣ ለነዳያን" አለችኝ።
ካሳው፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ "ቁጥሩን ይዘኸዋል?" ብሎ
ሎተሪ አዟሪ በፉጨት ጠራልኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ቁጥር አንብቤአለሁ።
ሙጋድ ያለው ልብስ ሰፊ ማግባቱን፣ ድግሱን ሳልሰማ አውቄአለሁ።
ሆጤ አንድ ግቢ ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ፣
"ማን ሄደባችሁ?" ብዬ አላውቅም፤
ጽፌ ወደሚቀጥለው በር። መጠየቅ ደመወዝ የለውም።

ዛሬ ግን ንጋት ላይ ወንበር ሳብኩ፤ ድሩን በክንዴ ጠረግኩ፤
የእጅ ባትሪ አብርቼ፣ እንደ ባዕድ ደጅ፣
"ቆጣሪ!" ብዬ ጮኽኩ።
የመለሰ የለም።

አምና ግንቦት፣ ዘጠና አራት።
ዘንድሮ ግንቦት፣ አሥራ አንድ።
አሥራ አንዱ እኔ ነኝ፤ አንድ አምፖል፣ አንድ ሬዲዮ።
ሰማንያ ሦስቱ ሉባባ ነበረች።
የስፌት መኪናዋ፣ ካውያዋ፣
እስክመጣ የምታበራልኝ የበረንዳ መብራት፤
ስገባ፣ ሳላመሰግን፣
"ይሄ ነገር ይቆጥራል!" እያልኩ የማጠፋት።

የሄደች ለት፣ መኪናዋን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ፣
"ሸምሱ፣ ሐይቅ እህቴ ጋ ብወርድ ይታወቅሃል?" ብላ
ጠየቀችኝ።
"ካልሲዬ የት ነው?" አልኳት።

ሰፈሬ ሳላይሽ ነው።
አሥራ አራት ዓመት አብሬሽ ኖርኩ፣
ሳላይሽ።

ፈታሁት መሰለኝ። ወይም እሱ ፈታኝ።
ያ ውሃ ባንድ ቃል ሁለት ነገር ጠይቆኛል፤
አንዱን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ፣
ሌላውን ትራሴ ነግሮኛል።

ሐይቅ ዳገት አይወጣም፤ ቁልቁል የሚወርደው ሰው ነው።
ቢሮ ሄጄ የዝውውር ቅጽ ተቀበልኩ።
"የሚጠየቅበት ቦታ" ይላል። ሐይቅ አልኩ።
"ምክንያት" ይላል። "ህልም" ብዬ ጻፍኩ፤
ካሳው በትከሻዬ በኩል ሲያይ ሰረዝኩት፤
"የግል ጉዳይ።"

ትከፍት እንደሁ፣ አትከፍት እንደሁ፣ ህልሙ አልነገረኝም።
ከደጇ ስደርስ ግን "ቆጣሪ!" አልልም።
ጫማዬን አወልቃለሁ።
"ቤቶች" እላለሁ።

ከቤት ስወጣ የበረንዳውን መብራት አበራሁት።
እትዬ ስንዱ፣ "ኧረ ቀን ነው፣ ይቆጥርብሃል!" አለችኝ።
ይቁጠር።