ከፍተሻ ነፃ

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል፣
ቸርችል ጎዳና ላይ ዝናብ ሲንጠለጠል፣
ስልኬ ጮኸ። ትርሲት፦ «ደሞዝ የለም፣ ጠፋ፤
ጸረ-ቫይረሱ በላው፤ ና እስኪ፣ አንተ ልፋ።»

በሩ ላይ ወይዘሮ አስካለ፣ ጓንት ያጠለቁ፣
ኪስ ይዳስሳሉ፣ ፊት አይተው ሳይስቁ፤
«ምሳ ዕቃህን ክፈት፤ ላፕቶፑን አውጣ፤
ይሄ ሽቦ ምንድን ነው?» ለሄደ ለመጣ።
እኔን ሲያዩኝ ግን እጃቸው ይታጠፋል፤
«የኛው ልጅ ነው» ይላሉ፤ ቦርሳዬ ያልፋል።
ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልከፈቱም፤
ምን እንደምሸከም አንድ ቀን አልጠየቁም።

ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል፤ ደረጃ ቆጠርሁ፤
አራተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ተበደርሁ።

ደሞዝ የሚሠራው አሮጌ ፕሮግራም ነው፣
መርዕድ የሚባል ሰው ብቻውን የጻፈው፤
ከኩባንያ አልመጣ፣ ፊርማ ማኅተም የለው፤
መርዕድ ከተቀበረ «ልጄ ነው» ባይ የለው።
በተኑ ላይ ዛሬም «ደሞወዝ አስላ» ይላል፤
ስሕተቱን እያወቅን፣ ማን ደፍሮ ያርመዋል?

አዲሱ ጸረ-ቫይረስ፣ ትናንት የታደሰ፣
አገር አያውቅ፣ ሰው አያውቅ፣ ያየውን ከሰሰ፤
«ማን ነህ? ከየት መጣህ? አሳዳሪህ ማነው?»
መልስ ሲያጣ፣ ጎትቶ ለይቶ ማቆያ አስገባው።
አልፈርድበትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤
እሱ ይህን ብቻ ነው ተምሮ ያደረ።

ሥራ አስኪያጁ ገባ፣ ሰዓቱን እያየ፤
«ምንድን ነው ይሄ ነገር? እንዴት ነው የቆየ?
ምን ታካብዳለህ? ዲን በሙሉ ልቀቅ፤
ሰው እኮ አፍጥጧል፤ እስከ መቼ ይጠብቅ?»

እጄ መዳፊቱ ላይ ሄዶ ተመለሰ።
አምና ሰንጋተራ፣ በአንድ ማተሚያ ቤት፣
ሥራ እንዲፈጥንለት ሙሉ ፎልደር ነፃ አወጣሁለት።
የሠርግ ጥሪ ካርድ በፍላሽ መጣና፣
ሾርትከቱ ገባ፣ ሙሽራ መሰለና፤
ፈታሽ በማያየው፣ ነፃ በወጣው ጓዳ
ከሰኔ እስከ ጥቅምት ኖረ፣ የማይወጣ እንግዳ።
ባለቤቱ አልጮኸም፤ አየኝና ዝም አለኝ፤
እስከ ዛሬ ድረስ ዝምታው ነው የሚፈትሸኝ።

«አይሆንም» አልሁት።
ከትርሲት መሳቢያ የመርዕድን ሲዲ አወጣሁ፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዋናው፣ አይጥፋ» የሚል፤
ያን ከዚህ አስተያየሁ፣ መጠን በመጠን፣ ቀን በቀን፤
አንድ ናቸው። ያኔ ሴቲንጉን ከፈትሁ።

በዚህ ከተማ አድራሻ «አካባቢ» ነው፦
ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከባንኩ ወረድ ብሎ፣
ደርሰህ ደውልልኝ።
ለዚህ ነገር ግን «አካባቢ» አይበቃም።
ከዲ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ደሞዝ፣
ከደሞዝ ውስጥ አንዲት ፋይል፣
በሙሉ ስሟ፣ ነጥቧ ሳይቀር፣ ጠራኋት፤
ጎረቤቶቿን አልጠራሁም።
«ይቺን አትፈትሽ።»
በማስታወሻ ደብተሬ ከነቀኑ ጻፍሁ፦
የመርዕድ ሥራ። የፈቀድሁት እኔ።
ፊርማ ለሌለው ሰው፣ በፊርማዬ ዋስ ገባሁ።

ትርሲት «ደሞወዝ አስላ»ን ነካች።
ማሽኑ አሰበ፣ መብራቱ አንዴ ጠቀሰ፣
ወረቀት መውጣት ጀመረ፤
ጫማ ጠራጊው የሚያውቃቸው ስሞች፣ ሾፌሮች፣ ተላላኪዎች፣
ከነተቀናሻቸው።

ስወርድ ዝናቡ ወርዷል።
ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን አጥፈዋል።
ቆምሁ። ቦርሳዬን ከፈትሁ፦ «ይፈትሹኝ» አልሁ።
«ምን ነካህ አንተ? ማን ምን አለህ?»
«ማንም። ዛሬ ብቻ።»
ቅር አላቸው። ከዚያ እጃቸውን ሰደዱ፦
ብሎን መፍቻ፣ የተላጠ ሽቦ፣ ግማሽ ቆሎ፣
ከታች፣ ከስፌቱ ሥር፣ ሦስት ፍላሽ።
አንዷን፣ ክዳን የሌላትን፣ በጓንታቸው አነሱ፤
«ይቺስ የማን ናት?»

ዝናቡን አየሁ።
«እንጃ» አልኋቸው።