የጆሮ ብድር

ቆራሌው ሚዛኑን ይዞ ሲጠጋት
እኔ ቀድሜ ነው በኪሎ የገዛኋት፤
ሴቼንቶ፣ ክብ፣ ትንሽ፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ፣
ታርጋዋ ቢወልቅም፣ አልጠፋም ሊብሬ።
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከውሃው ሮቶ ሥር፣
በአራት ብሎኬት ላይ አቆምናት በይደር።

ናኦል ዞረና አያት፤ ኮፋኖ ከፈተ፤
“ተበልተሻል እማ፣ ሞተር የላት!” ብሎኝ በሳቅ ሞተ።
እጁን ይዤ ዞርኩኝ፣ ወሰድኩት ከኋላ፤
እዚያ ነው ሞተሯ— የአይጥ ጎጆ አዝላ።

አረንጓዴው ሲፋቅ ሰማያዊ ወጣ፤
“ታክሲ ነበረች” ስለው ግን ልቡ አልመጣ፤
ልቡ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ሌላ ሞተር ይዟል፤
“የስምንት መቶ ሃምሳው ይገባላታል” ይላል፤
“ያው ቤት፣ ያው ብሎን ነው፤ ጉልበቱ ግን ይበዛል።”

እኔ ደግሞ “ፍሬን” አልኩ። “መጀመሪያ ፍሬን።
ለመሮጥ ማን አንሶ! መቆም ነው ያቃተን።”
ሦስት ቅዳሜ ሙሉ፣ በፍሬን ሸራ አቧራ፣
ተኮራርፈን ዋልን፤ እሱም አይናገር እኔም አልጣራ።

ሞተሩ ሶማሌ ተራ ነበር፣ ከጎማ ክምር ሥር፤
ዋጋው የዕቁቤ ዙር፣ እስከ መጨረሻው ብር።
ናኦል ተከራከረ፣ እኔ እስካፍርለት፤
ስለሚያፈስ ጓርኒሲዮን ሁለት ሺህ ወረደለት።
በአይሱዙ ጭነት ላይ ተደግፎት መጣ፤
ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ ከኪስ አልወጣ።

ፒስቶን፣ ቢየላ፣ ባልቮላ— ስማቸውን ጠራሁ፤
በነዚህ ስሞች ነው እኔ ቤት የመራሁ።
ሃያ ስምንት ዓመት ከአውቶቡስ ሆድ በታች፣
“ወንድ ጠፍቶ ነው?” እያሉ አዲስ አለቆች።
ናፍጣው ሲያጓራ፣ መዶሻው ሲያስተጋባ፣
ጆሮዬ ቀስ በቀስ ዕዳ ውስጥ ሲገባ
አላወቅሁም ነበር።
ሳውቅም አልተናገርኩ። “አታጉተምትም!” እያልኩ
ጥፋቱን በልጄ አፍ ላይ ስለጥፍ ኖርኩ።

ማታ ነው። ሞተሪኖው ዞረ። ሳል፣ ጭስ፣ ደግሞ ዝም።
ካንዴላ ፈታን፣ ጠረግን። ዞረ። አሁንም ዝም።
“አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት”— ገመዱን አየሁት፤
እኔው ነኝ የሁለቱን ከሦስት የሰካሁት።

ያዘ!
ከሮቶው ላይ እርግቦች በአንዴ ተነሱ፤
ጋሽ በዳሳ ከፎቃቸው ተሳደቡ፣ አስነጠሱ።
“ተሳካ” ብዬ እጄን በጨርቅ ስጠርግ
ልጄ ግን አንገቱን ዘመም አድርጎ ቀረ።

“እማ፣ አይሰማሽም? ትክ፣ ትክ፣ ትክ ይላል።”
“አይልም።”
“ይላል።”
“አይልም አልኩህ።”
“እማ፣ ይላል።”

ሞተሩ ይሠራል። እኔ ዝም አልኩ።
ለመናገር አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ገጠምኩ።

ምንም አልጠየቀኝም።
ረጅሙን ካቻቢቴ ከሣጥኑ አወጣ፤
ጫፉን ከባልቮላው ክዳን ላይ አሳረፈ፤
እጀታውን ከጆሮዬ ጀርባ፣ ከአጥንቱ ላይ፣ አስጠጋ—
ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣
በሰባት ዓመቱ፣ ለጨዋታ ብዬ—
በአጥንቴ በኩል መጣ፤
ትክ፣ ትክ፣
በር አንኳኩቶ ይቅርታ እንደሚጠይቅ የጎረቤት ልጅ።

እንደ ቅጠል የሳሳውን መለኪያ አነሳሁ።
እሱ ይሰማል፤ እኔ አጠብቃለሁ።
“ትንሽ... ደግሞ ትንሽ... በቃ!” ይለኛል፤
እቆማለሁ።

እሑድ ማለዳ የቱሉ ዲምቱን ዳገት
በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው።
አንድ ሲኖትራክ ክላክስ ነፋልን፣
ተቆጥቶ ይሁን አድንቆ እንጃ።
መሪው በእኔ እጅ ነው፤ እሱ ከጎኔ፣
መስኮቱን ዘግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያዳምጣል።
ታች የአቃቂ ቆርቆሮዎች ፀሐይ መቷቸዋል።

“ምን ይላል?” አልኩት።
“ምንም” አለ፣ ለራሱ ይመስል።
ከዚያ ዓይኑን ገለጠ፤ ወደኔ ዞሮ፣
ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል፦
“ምንም አይልም፣ እማ።”