ሳሉን የሚሰማ

ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ደመወዝ እንደገባ፣
የናፍጣው ሽታ ከእጄ ሳይለቀኝ ወርጄ ከጀልባ፣
የማናማን ሱቆች እያቋረጥኩ ሄድኩኝ፤
ኩንጁሞን የኬራላው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠበቀኝ።
«ካፒቴን» ይለኛል። ካፒቴን አይደለሁም፣ የሞተር ሰው ነኝ፤
የገበያ ሹመት ነው፤ ቀረጥ ስለሌለው ዝም ብዬ ያዝኩኝ።

ሦስት የእጅ ሬዲዮ ደረደረ መስታወቱ ላይ፤
ሦስቱም ዲጂታል፣ ጥቁር እንደ ቀለም ቀንድ፤ አይለዩም ከሩቅ ለሚያይ።
አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ስልሳ አምስት፣ አንዱ መቶ አሥር ዲናር፤
(ዓይኔ አስቀድሞ የሮጠው ወደ ዋጋው ነበር።)

መቶ አሥሩ መስኮቱ ባለቀለም ነው፤ ሳተላይት ጠይቆ
የቆምክበትን ስፍራ ይነግርሃል፣ ከነስንዝሩ አርቅቆ።
የቆምኩበትንማ አውቀዋለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ቆሜበት፤
የጨነቀኝ ንጋቱ ነው፣ ማዶ ዶሃ ላይ እንዴት እንዳነጋው ሌሊት።

ሠላሳው በርካሽነቱ አይታማም፤ ኮምፒውተር ካልሞላው ግን ደንቆሮ፣
የጣቢያውን ቁጥር፣ የቡድኑን ቁጥር፣ መስመሩን አንድ በአንድ ቆጥሮ
ሰው ካልጻፈለት በቀር አፉን አይከፍትም፤
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ፣ ያለ ማመልከቻ ቀና ብሎ አያይም።
አዝራሩም የጣት ሳይሆን የመርፌ ነው፤ የኔ አውራ ጣት ደግሞ
ምጽዋ ላይ፣ በገመድ መጠቅለያው፣ ጫፉን ትቶ የመጣ ነው ቀድሞ።

ስልሳ አምስቱን ገና ስይዘው ደስ አለኝ ክብደቱ፤
ጨለማ ላይ እንኳ ይበቃዋል ዳበሳ፣ ቀጭ ሲል አንገቱ።
ባትሪው ሁለት ሌሊት ያድራል አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ ጥሎበት፤
ኩንጁሞን ሁለት ካለ አንድ ነው፤ ሌላውን እኔው ቀነስኩለት።

«ዲጂታል ማለት» አለ፣ «ሿሿታ የለም፣ ጫጫታ የለም፤
ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ጭራሽ አይመጣም።»

ዝም አልኩ።
ያኔ፣ የባሕር ኃይል ልጅ ሆኜ፣ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንደ ጉትቻ፣
የሰው ድምፅ ሲርቅ አውቅ ነበር፤ ባንዴ አይሄድም፣ እንዲያው ብቻ
ይሳሳል፣ ይነትባል፣ ብዙ እንደታጠበ ነጠላ፣
ጥለቱ ብቻ እስኪቀር፣ ሿሿታው እስኪውጠው ኋላ።
ሰው ሲሰናበት እንደዚያ ነው፤ በሩ ላይ ይቆማል፣ ጫማውን ይፈልጋል፤
ይሄኛው ግን ስሙን ጠርተህ ሳትጨርስ በሩ ይዘጋል።

ባለፈው ሳምንት ካንድ ባልደረባ ተውሼ በዲጂታል አወራሁት፣
ንጋቱን። «ደህና ነኝ» አለ፤ ከማድጋ ውስጥ ሰማሁት፤
ጥርት ያለ፣ የተበጠረ፣ አቧራ የማያውቅ፤
በመሃል በመሃል ግን ትንሽ ጉርግር፣ እንደ ውሃ ውስጥ ሳቅ።
በማግስቱ የነሐሴ ወበቅ ባሕሩ ላይ እንደ ጣሪያ ዝቅ ብሎ፣
(ያን ጊዜ ሞገድ ይሮጣል፣ ውሃ ውሃውን ታክኮ፣ የምድርን ጉብታ አታሎ፤)
በአሮጌው አናሎግ ጠራሁት፣ ከመኖሪያችን ሰገነት።
መጣ፤ ከነሿሿታው፣ ከነአሸዋው፣
ከነሳሉ።
ሦስት ጊዜ ሳለ። ማሽኑ ያንን ድምፅ ብሎ አልቆጠረውም ነበር፤
ለካ የጠራው መስመሩ ነው፤ ደረቱስ አልጠራም ነበር።
አሮጌውም በዚያው ሌሊት፣ አንቴናው ሥር በጨው ተበልቶ፣ ዐረፈ።

«ስልሳ አምስቱ» አልኩት፣ «ወደ ድሮው መንገድ ይመለሳል?»
ኩንጁሞን አዘነልኝ። «በአንድ አዝራር፣ ካፒቴን። ግን ዛሬ ማን ይመለሳል?»
ተጫንኩት። ሿሿታው ሱቁን ሞላው፤ አንዲት ደንበኛ ዞራ ገላመጠችኝ።
ፈቃዴን አሳየሁ፣ ፈረምኩ፤ በስልሳ ሰጠኝ።

ዛሬ ማታ በዲጂታሉ «እንዴት ነህ?» እለዋለሁ፤
«ደህና» ይለኛል።
ከዚያ አዝራሩን እጫናለሁ።